ተጠርጣሪው የደንብ ልብስ ሲለብስ፦ በደሴና በኮምቦልቻ የጾታ ጥቃትና የቤት ውስጥ ጥቃት ምርመራ አሠራር

የአስገድዶ መድፈር መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። ልብሱ በፌስታል ይታሠራል፣ ሰዓቱ ተሳስቶ ይጻፋል፣ ተጎጂዋ «ይኼ የመከላከያ ጉዳይ ነው» ተብላ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ትላካለች። ተጠርጣሪው ወታደር፣ ፖሊስ ወይም ሚሊሻ ከሆነ ጊዜው ይብሱን ያጥራል፤ ያለበት የጦር ክፍል በአንድ ሌሊት ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል። ይህ አሠራር የተዘጋጀው ለፖሊስ መርማሪ፣ ለወታደራዊ ፖሊስ፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛና ተጎጂዋን መጀመሪያ ለሚያይ የጤና ባለሙያ ነው።

ጉዳዩን የትኛው ፍርድ ቤት ያየዋል የሚለውን የሚለዩት ዐቃቤ ሕጎች ናቸው። ወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ ቢይዘውም የክልሉ ዐቃቤ ሕግ ቢይዘውም የሚከራከሩበት ማስረጃ ያው አንድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የደረሰው አካል ማስረጃውን ይሰብስብ፣ ቃሉን ይመዝግብ፣ ከዚያ በደብዳቤ ያስተላልፍ።

ሕክምናው ይቅደም

ተጎጂዋ ጣቢያ ስትመጣ ሙሉ ቃሏን ለመቀበል ብላችሁ አታቆዩአት። ለጊዜው የሚበቁት አምስት ጥያቄዎች ናቸው፦ የሚደማ ቁስል አለ ወይ፣ አንገቷ ታንቋል ወይ? መቼና የት ሆነ? ማን ነው፣ ካላወቀችው ምን ይመስላል? ከዚያ ወዲህ ታጥባለች ወይ፣ ልብስ ቀይራለች ወይ? ዛሬ የምታድርበት ቤት ለእሷ ደህና ነው ወይ? ይህን ጽፋችሁ ወደ ሆስፒታል አድርሷት።

የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት ከ72 ሰዓት በፊት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። ከተጀመረ 28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የድንገተኛ ወሊድ መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል፤ እሱም በዘገየ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና የአባላዘር በሽታ መከላከያም በዚያው ጉብኝት ይታያሉ። ድርጊቱ ኮምቦልቻ ከሆነና ለሊቱን በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትሩን ወጥቶ ደሴ የሚያደርስ መኪና ከሌለ፣ የመጀመሪያው ክኒን ኮምቦልቻ ላይ ይሰጣት፤ ናሙናው ጠዋት ደሴ ሪፈራል ሊወሰድ ይችላል። መድኃኒቱ ግን ማደር የለበትም።

ለሕክምና የፖሊስ ደብዳቤ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። «ደብዳቤ ይዘሽ ነይ» ብሎ መመለስ 72 ሰዓቱን ያሳልፋል፣ ማስረጃውንም ያጠፋል። እርግዝና ከተከተለም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት ማቋረጥ የተፈቀደ ነው፤ አንቀጽ 552 ደግሞ በመደፈር መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህን ለተጎጂዋም ለነርሷም የሚነግር ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። እናንተ ንገሩ።

ናሙና የሚወሰድበት ጊዜ እንደ ቦታው ይለያያል። ከብልት እስከ 120 ሰዓት፣ ከፊንጢጣ እስከ 72 ሰዓት፣ ከአፍ ቢበዛ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። መጠጧ ውስጥ የተጨመረ ነገር እንዳለ ከጠረጠራችሁ የመጀመሪያው ሽንት ትልቅ ዋጋ አለው፤ ሆስፒታል ሳትደርስ ሽንቷ ቢመጣ በንጹሕ ዕቃ ይያዝ፣ በወረቀትም በውኃም አትጥረግ። ታጥባ ቢሆን እንኳ «በቃ ጠፍቷል» ብላችሁ አትተዉት፤ ከልብስ፣ ከአንሶላና ከሰውነት ውስጥ ገና ይገኛል። ተጎጂው ወንድ ልጅ ሲሆንም አሠራሩ ያው ነው፤ በኀፍረት የሚዘገይ ስለሆነ ሰዓቱን እናንተ አስቡለት።

ልብስና ናሙና አያያዝ

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስህተት ፌስታል ነው። እርጥብ ልብስ ፌስታል ውስጥ ሲታፈን ይሻግታል፤ ሻጋታና ባክቴሪያ ደግሞ ዲኤንኤውን ይበሉታል። በኮምቦልቻ ሙቀት ይህ በአንድ ቀን ሊሆን ይችላል። ደሴ ላይ በክረምት ችግሩ ሌላ ነው፤ ነጠላና ጋቢ በዝናብ ርሶ ይመጣል፣ በራሱ ቶሎ አይደርቅም። አንዳንዱ መርማሪ ከሰል ላይ ወይም ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ሙቀትም ፀሐይም ማስረጃውን ይጎዱታልና ሁለቱም አይደረጉም። እንዲህ ይሠራ፦

1. መሬት ላይ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይነጠፍ፤ ተጎጂዋ ወረቀቱ ላይ ቆማ ልብሷን ታውልቅ። ከልብሱ የሚረግፍ ፀጉር፣ አፈር ወይም ክር ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ወረቀቱም ራሱ ታጥፎ ኤግዚቢት (በማስረጃነት የሚያዝ ዕቃ) ይሆናል።
2. ጓንት አድርጉ፤ ከአንዱ ልብስ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ቀይሩት።
3. እርጥቡን በጥላ፣ ሰው በማይገባበትና በሚቆለፍ ክፍል ውስጥ በወረቀት ላይ ዘርግታችሁ አድርቁ። ሁለት ልብስ አይነካካ።
4. የደረቀውን በእጥፋቶቹ መካከል ወረቀት እያስገባችሁ አጥፉ፤ እያንዳንዱን በየራሱ ካኪ ፖስታ ወይም የወረቀት ከረጢት አስገቡ። የውስጥ ልብስ ከሌላ ልብስ ጋር በፍጹም አይቀመጥ።
5. የፖስታውን አፍ በምራቅ አታጣብቁ፤ የእናንተ ዲኤንኤ ይገባበታል። ስቴፕለርም አትምቱ። በፕላስተር አሽጉና ፊርማችሁ ግማሹ በፕላስተሩ፣ ግማሹ በወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ፈርሙ።
6. በላዩ ላይ የመዝገብ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ከማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደተወሰደና ማን እንደወሰደው ይጻፍ። የተጎጂዋ ስም በፖስታው ላይ አይጻፍ፤ ኮድ ይበቃል።

ከሰውነት ናሙና የሚወሰደው በጥጥ ስዋብ (ጫፉ ላይ ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን እንጨት) ነው። ለአንድ ቦታ ሁለት ስዋብ፣ ደረቅ ቆዳ ከሆነ በተጣራ ውኃ ትንሽ ረጠብ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት በአየር ይደርቅና በወረቀት ይታሸጋል። በሚገባ የደረቀ ስዋብ በክፍል ሙቀት ይቆያል፤ መብራት ሲጠፋ የሚያሳስበው ደምና ሽንቱ ነው፤ እነሱ ፍሪጅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የሌለው ጣቢያ ደምና ሽንት አይያዝ፤ ሆስፒታል ይቀመጡ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር መኪናው ነው። ጣቢያው ያለችው ፒክአፕ አንድ ብትሆንና ጠዋት ተጠርጣሪውን፣ ከሰዓት ተጎጂዋን በዚያው ወንበር ብታመላልስ፣ የእሷ ፀጉር እሱ ላይ ቢገኝ ምንም አያስረዳም፤ ጠበቃው «ከመኪናው ወንበር ነው» ይላል። የመርማሪውም እጅ እንደዚያው ነው። ሁለቱን የሚይዙ ሁለት የተለያዩ ፖሊሶች ይመደቡ፣ ወንበሩ ላይ ንጹሕ ወረቀት ይነጠፍ፣ ይህም መደረጉ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።

የሐኪሙ ወረቀት

ለሆስፒታል የሚጻፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «ስለመደፈሯ ተረጋግጦ ይላክልን» ይላል። ሐኪም ያንን ማረጋገጥ አይችልም፤ የሚያየው ጉዳትና ናሙና ነው። በምትኩ እንዲህ ጠይቁ፦ በአካሏ ላይ የታዩት ጉዳቶች ዓይነት፣ ቦታና መጠን በሴንቲሜትር ምንድን ነው? ናሙና ከየት ከየት፣ በስንት ሰዓት ተወሰደ? የወንድ ዘር (ስፐርም) በአጉሊ መነጽር ታይቷል ወይ? አንገት፣ ዓይንና ድምፅ ተመርምሯል ወይ? ግኝቱ ተጎጂዋ ከተናገረችው ጋር ይጣጣማል ወይ?

የክብረ ንጽሕና ጥያቄ ከደብዳቤው ይውጣ። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት በ2018 እ.ኤ.አ. የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቆም ጠይቀዋል። «የቆየ መቀደድ አለ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለዚያ ሌሊት የሚናገረው ነገር የለም፤ ችሎት ላይ ግን ተጎጂዋን ለማሳጣት ይውላል። ጉዳት ካልታየም ሐኪሙ ጉዳት አለመኖር ድርጊቱ አለመፈጸሙን እንደማያሳይ በወረቀቱ ላይ እንዲያብራራ ጠይቁት፤ በብዙ ተጎጂዎች ብልት ላይ የሚታይ ጉዳት አይገኝም።

ፎቶ ሦስት ዓይነት ይነሣ፦ ማን መሆኗ የሚለይበት ከሩቅ፣ ጉዳቱ በየትኛው የአካል ክፍል እንዳለ የሚያሳይ ከመካከለኛ ርቀት፣ ከዚያ ከቅርብ፤ የቅርቡ አንዴ ያለ ማስመሪያ፣ አንዴ ማስመሪያ ከጎኑ ተደርጎ። ካሜራው ከቆዳው ጋር ቀጥ ብሎ ይቁም። በጠይም ቆዳ ላይ ብልዝ ፊት ለፊት በሚመታ ፍላሽ አይታይም፤ ብርሃኑን ከጎን አምጡ፣ ያበጠና ሲነካ የሚያማትን ቦታ በቃል መዝግቡ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ እንደገና አንሡ፤ በመጀመሪያው ቀን ያልታየው ያን ጊዜ ይወጣል። የብልዙን ቀለም አይታችሁ «የሦስት ቀን ነው» አትበሉ፤ በቀለም ዕድሜ አይለይም።

ሰዓትና ቀን

ይህ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛ ቃል ሐሰት የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። ተጎጂዋ «ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት» ትላለች። የሐኪሙ ካርድ በእንግሊዝኛ፣ በአውሮፓ ቀን፣ ከሌሊቱ 2፡00 ብሎ ዓርብ ይጽፋል። የስልክ ጥሪ ዝርዝር ሲመጣም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። መርማሪው ስድስት ሰዓቱን ሳያሰላ፣ ሌሊቱ ከሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ መሆኑን ሳይለይ ከጻፈው፣ ሦስቱ ሰነዶች ሦስት የተለያየ ጊዜ ይናገራሉ። ተከላካዩም በዚያ ሰዓት ተጠርጣሪው ጥበቃ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ መዝገብ ይዞ ይመጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በመዝገቡ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፤ ሌሊት ከሆነ የትኛው ቀን ለየትኛው አጥቢያ መሆኑን አክሉ። ሰዓት ያላየች ከሆነ ደግሞ በግምት «8 ሰዓት ይሆናል» እንድትል አትገፋፏት። በዚህ አገር ጊዜን የሚያስይዝ ነገር ሞልቷል፦ የሱብሂ አዛን ተሰምቶ ነበር? ኢሻ ተሰግዶ ስንት ቆየ? የቅዳሴ ደወል? ሰኞ ከሆነ ገበያተኛው ገብቶ ነበር? መብራት ነበር ወይስ ጠፍቶ ነበር? አዛኑን ጎረቤትም ሰምቶታልና በምስክር ይጸናል።

ቃል አቀባበል

ሙሉው ቃል የሚወሰደው ተጠርጣሪው የሚያመልጥ ካልሆነ አንድ ሁለት ሌሊት ከተኛች በኋላ ቢሆን ይሻላል። የደነገጠ ሰው ትዝታ ተበጣጥሶ ነው የሚመጣው፤ እንቅልፍ ያሰባስበዋል። ክፍሉ ተራ ክፍል ይሁን፣ መሣሪያ አይታይበት፤ የተደፈረችው የደንብ ልብስ በለበሰ ሰው ከሆነ መርማሪው የሲቪል ልብስ ይልበስ። እሷ በር አጠገብ ትቀመጥ። አንድ ሰው ይጠይቅ፣ አንድ ሰው ይጻፍ፤ ሌላ ሰው አይግባ። ለአዋቂ ሴት «እርስዎ» በሉ፤ ገና ወጣት ናት ብላችሁ «አንቺ» ማለት ወይም በ«የኔ ቆንጆ» ማባበል አንደበቷን ይዘጋዋል።

መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከሚቀልልዎት ጀምረው ይንገሩኝ፤ አላቋርጥዎትም።» ከዚያ በእርግጥ አታቋርጡ። ስትጨርስ ወደ ስሜት ሕዋሳት ሂዱ፦ ምን ሰሙ፣ ምን ሸተተዎት፣ እጅዎ ምን ነካ? የናፍጣ ሽታ፣ የጫማ ድምፅ፣ ሬዲዮ ላይ የተጠራ ስም የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። «ለምን አልጮሁም?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ሰውነቱ ይደርቃል፣ ድምፁ ይዘጋል፤ ከፈቃድ ውጭ የሚመጣ ነገር ነው። በምትኩ «በዚያ ሰዓት ሰውነትዎ ምን ሆነ?» ብትሉ እሷው ትነግራችኋለች፤ መልሷም ፈቃድ አለመኖሩን የሚያስረዳ ቃል ይሆናል። የተናገረችውን በራሷ አነጋገር ጻፉ፤ «በኃይል የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፈጸመብኝ» የሚል የሕግ ቋንቋ በአፏ አታስገቡ።

ከከሚሴ ወይም ከአፋር በኩል የመጣች ከሆነ በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛ ወይም በአፋርኛ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። አስተርጓሚው ዘመድ፣ የቀበሌዋ ሰው ወይም የተጠርጣሪው ባልደረባ አይሁን። ከዚህ በፊት ሌላ ተቋም ጠይቋት እንደሆነም አጣሩ፤ ቃሏ በተደጋገመ ቁጥር የሚለያይ ሰነድ ይበዛል፣ እሷም ትደክማለች። ድርጊቱን መጀመሪያ ለማን እንደነገረች ጠይቁና የዚያን ሰው ቃል በዚያው ሳምንት ተቀበሉ፤ እንዴት ሆና እንደመጣች፣ ምን ቃል እንደተናገረች፣ ልብሷ ምን ይመስል እንደነበር። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ተደፍረው ዘግይተው ለሚያመለክቱ ሴቶች ከአካል የሚገኝ ማስረጃ የለም፤ ያን ጊዜ መዝገቡን የሚያቆመው ይህ የመጀመሪያ ሰሚ ምስክር፣ የያኔው የሕክምና ካርድና በዚያ ሰፈር የትኛው ክፍል እንደሰፈረ የሚያስረዳ ማስረጃ ነው።

ተጎጂዋ ልጅ ከሆነች ዕድሜው ወሳኝ ነው። ከ13 ዓመት በታች አንቀጽ 627፣ ከ13 እስከ 18 አንቀጽ 626 ይመጣል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ወይም የክርስትና ካርድ አስቀድማችሁ ፈልጉ። በራጅ የሚገመት ዕድሜ የዓመታት ልዩነት ስላለው የመጨረሻ አማራጭ ይሁን።

ከካምፑ የሚገኘው ማስረጃ

ስሙን የማታውቀውን ወታደር በሥራው ዱካ ማግኘት ይቻላል። ለክፍሉ በመጀመሪያው ቀን መጻፍ ያለበት ደብዳቤ መዝገቦቹ እንዲጠበቁ የሚጠይቅ ነው፦ የዕለቱ የጥበቃ ተረኞች ዝርዝር፣ የመውጫ ፈቃድ፣ የመሣሪያ መረካከቢያ መዝገብ፣ የተሽከርካሪ መውጫና መግቢያ። ደብዳቤው ለጓድ መሪ አይሰጥ፤ በወታደራዊ ፖሊስ ወይም በወታደራዊ ዐቃቤ ሕግ በኩል ይሂድ፣ የተቀበለው ሰው ፊርማና ሰዓት ይያዝ። ከእሷ ደግሞ ማዕረግ፣ የትከሻና የክንድ ምልክት፣ የጫማ ዓይነት፣ የመሣሪያ ዓይነት፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ጓደኞቹ ምን ብለው እንደጠሩት ጠይቁ።

ተጠርጣሪውን ለይታ እንድታወጣ ሲደረግ ብቻውን አቁማችሁ «ይህ ነው ወይ?» አትበሉ፤ በስልክ ላይ የአንድ ሰው ፎቶም አታሳዩ። አንዴ ከታየች በኋላ ያች ፎቶ ትዝታውን ትተካዋለች፤ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ነው። በቁመትና በመልክ የሚቀራረቡ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ሰዎች ይሰለፉ፤ የሚያሰልፈውም ሰው ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ ባያውቅ ይሻላል።

አዛዡ የራሱን ማጣራት አይጀምር። ሁለቱን ፊት ለፊት ማገናኘት፣ ምስክር የሆኑ ወታደሮችን በአንድ ላይ ሰብስቦ መጠየቅ ወይም ተጠርጣሪውን «ለጊዜው» ወደ ሌላ ግንባር ማዛወር መዝገቡን ያፈርሰዋል። በአሜሪካ ጦር ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ፣ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንዲህ ዓይነት ወንጀል ክስ ይመሥረት አይመሥረት የሚለው ውሳኔ ከአዛዦች ተወስዶ ለልዩ ወታደራዊ ዐቃቤ ሕጎች ተሰጥቷል። ምክንያቱ እዚህም ያው ነው፤ የክፍሉን ስም የሚጠብቅ ሰው የክፍሉን ወንጀል ሊመዝን አይችልም።

ቤት ውስጥ ሲሆን

አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሚል ስለሚተረጉመው በባል የሚፈጸመው በዚያ አንቀጽ አይከሰስም። መንገዱ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው አንቀጽ 564 ነው፤ እሱም ወደ አካል ጉዳት ድንጋጌዎች ይመራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጨረሻው የሕክምና ማስረጃ ሳይመጣ ጉዳዩን «ቀላል» ብሎ በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 መክፈት፣ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ያደርገዋል። ያን ጊዜ የሦስት ወር ገደብ ይቆጥራል፤ ባሏ አስፈራርቶ አቤቱታዋን ካስነሣትም መዝገቡ ይዘጋል።

ታንቃ እንደሆነ ሁልጊዜ ጠይቁ፤ ራሷ አትናገረውም። የድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ ማስቸገር፣ በዓይን ነጭ ላይ የደም ነጠብጣብ፣ ራስ መሳት፣ ሽንት ማምለጥ ምልክቶች ናቸው፤ አንገት ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። የአንገት ደም ሥር ተጎድቶ ከቀናት በኋላ ሊገድል ስለሚችል ሐኪም ሳያያት ወደ ቤት አትሂድ። በአሜሪካ የተደረገ ጥናት አንዴ በባሏ የታነቀች ሴት በኋላ በእሱ እጅ የመገደል ዕድሏ ወደ 7 እጥፍ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ከመታነቅ ጋር የመሣሪያ ዛቻ ካለ፣ ወይም ልትፈታው መሆኑን ከነገረችው፣ በዚያው ቀን አድርሷት የምትመለሱበት ቤት የእሱ ቤት መሆን የለበትም።

የመንግሥት መሣሪያ ቤት ውስጥ ከሆነ ባሏ ከመጠራቱ በፊት መሣሪያው በክፍሉ በኩል ይመለስ፤ ቁጥሩ ይመዝገብ። የዛቻ መልእክት ካለ ስልኳን በሌላ ስልክ ፎቶ አንሡት፤ የላኪው ቁጥርና ቀኑ አብሮ ይታይ። ቴሌግራም ላይ ላኪው ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ስለሚችል ለነገ አይደር። የጥሪ ዝርዝር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቃል። ማስፈራሪያው ወደ ምስክሮች ከዞረ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የጠቋሚዎችንና የምስክሮችን ጥበቃ ይሰጣል፤ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ለሚያስቀጣ ወንጀል ስለሆነ አስገድዶ መድፈርን ይሸፍናል። ጥያቄው በዐቃቤ ሕጉ በኩል ይቅረብ።

ሽማግሌ ይመጣል። በወሎ ሽምግልና ደም ያደርቃል፣ ክብሩም ይገባዋል፤ አስገድዶ መድፈር ግን በግል አቤቱታ የሚነሣ ወንጀል ስላልሆነ ዕርቅ ክሱን አያቋርጠውም። ይህን ለሽማግሌዎቹ በአክብሮት፣ ተጎጂዋ በሌለችበት ንገሯቸው። ጉዳዩን አስቀድመው ሰምተው ከሆነ ደግሞ ተጠርጣሪው በሽምግልናው ላይ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ «ጥፋቴን ይቅር በሉኝ» ያለውን የሰሙ ሰዎች ምስክር ናቸው።

መዝገቡ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲተላለፍ ኤግዚቢቱ በመርማሪው ቦርሳ ወይም ቤት አያድር። ከኤግዚቢት ክፍል ሲወጣ ያወጣው፣ የያዘው፣ የተረከበው፣ የሰጠበት ሰዓትና የማሸጊያው ሁኔታ በአንድ ቅጽ ላይ ይፈረማል። ማሸጊያው ተከፍቶ ከሆነ ለምን እንደተከፈተ ተጽፎ፣ የድሮው ፕላስተር ሳይጣል፣ በአዲስ ፖስታ ውስጥ ከነፖስታው ይገባል። ተጎጂዋም የ28 ቀን ክኒኗን ሳታቋርጥ እየወሰደች እንደሆነ በሦስተኛው ሳምንት ይጠየቅ፤ ስልክ የሚደውለው ሰው ስም በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።